ለሌላ ጊዜ የሚተላለፈው ሥራ

ሰሞኑን ስለ ግሪኩ የቴምፒ የባቡር አደጋ ደጋግሜ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መንገደኞችን ያሳፈረ ባቡርና አንድ የጭነት ባቡር በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ተላትመው 57 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ወጣት ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱ ባቡሮች ለደቂቃዎች ያህል እርስ በርስ ሲቀራረቡ፣ ያንን ተገንዝቦ በራሱ የሚያስቆማቸው መሣሪያ በመስመሩ ላይ አልነበረም። ወዲያው ጣት የተቀሰረው ባቡሩን ወደተሳሳተው ሐዲድ በላከው የጣቢያ ተረኛ ላይ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የምልክትና የርቀት መቆጣጠሪያ ሥርዓቱን ለማደስ ውል የተፈረመው በ2014 ሆኖ ሳለ፣ አደጋው በደረሰበት ምሽት ሥራው ገና ያልተጠናቀቀ መሆኑ ነው።

ሰው ይደክማል፣ ይዘናጋል፤ ይህን ደግሞ መንገድም ሆነ ሐዲድ የሚሠራ ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል። የስዊድን ፓርላማ በ1997 ማንም በመንገድ ላይ እንዳይሞት ወይም ክፉኛ እንዳይጎዳ የሚል ግብ ሲያጸድቅ፣ ኃላፊነቱን ከአሽከርካሪው ባሻገር ለመንገዱ ሠሪዎችም አካፍሏል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ሰፋፊ የገጠር መንገዶች በሦስት መስመር ተከፍለው መካከላቸው ላይ የብረት ገመድ ተዘረጋ፤ ተጨማሪው መስመርም ለመቅደም እንዲያገለግል በየተራ ለአንዱና ለሌላው አቅጣጫ ይሰጣል። እንቅልፍ ያሸለበው ሾፌር ወደ ግራ ሲስት ገመዱ ይለጠጣል፣ ቀጫጭኖቹ ምሰሶዎች ይጎብጣሉ፣ የመኪናው ጎን ይላጣል፤ ከፊት ለፊት ከሚመጣው የጭነት መኪና ጋር ግን አይላተምም። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚደርሰው ሞት በእጅጉ ቀንሷል። አዲስ አውራ ጎዳና ከመገንባት ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ መሆኑ ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስቆጭ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰዎች በመንገድ አደጋ ይሞታሉ። ይህ እየታወቀ፣ በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚታጠፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ሥራ ነው፤ የአካፋይ ገመድ ስለተዘረጋ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን እምብዛም አይታይም። ስለዚህ የዘገየ የደኅንነት ሥራ ሁሉ የዘገየበት ምክንያትና መዘግየቱን የፈቀደው ሰው ስም ሳይቀር በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ቢደረግ እመኛለሁ።