ከለገሃር እስከ አንበሶቹ ድልድይ

ሃያ ሰባት ዓመት ትራንዚተር ነኝ። ቢሮዬ ለገሃር ነው፤ ከአንበሳው ሐውልት በእግር ሁለት ደቂቃ። በእነዚህ ዓመታት የስንት መርከብ ዕቃ እንዳስለቀቅኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አንዱንም መርከብ ግን ረግጬው አላውቅም። የኔ መርከብ ወረቀት ነው፦ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ዲክላራሲዮን፣ ማህተም። ጅቡቲ ሁለቴ ሄጃለሁ። ሁለቴም ባሕሩን ያየሁት በኮንቴነር መሃል አሾልቄ ነው።

አሁን በ56 ዓመቴ፣ 28 ጫማ በምትረዝም ጀልባ ላይ አርባ ቀን ልኖር ነው።

ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ነው። በ11 ዓመት ይበልጠኛል፣ ጋሼ ነው የምለው። ቨርጂንያ ሰላሳ ዓመት ታክሲ ነዳ፣ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ሐበሻ አገር ቤት ቤት ይሠራል። እሱ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ገዛ። ቤተሰቡ በሙሉ "አሁንስ ለየለት" አለ። እኔም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ አንድ እሑድ ደውሎ "አብረኸኝ ትወርዳለህ?" አለኝ። "ወዴት?" "ፍሎሪዳ።"

መንገዱ ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ ይባላል። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ከውቅያኖሱ ገባ ብሎ የሚሄድ የውሃ መንገድ ነው። አንዱ ቦታ ወንዝ ነው፣ ሌላው ቦታ ረግረግ፣ ሌላው ደግሞ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ። አትላንቲክ ከአሸዋ ደሴቶቹ ማዶ እያገሳ፣ አንተ በውስጥ በውስጥ ትሄዳለህ። ማይል ዜሮው ኖርፎክ ነው። እኛ የምንቆመው ሴንት ኦገስቲን፣ ማይል 778 ላይ ነው። 1,250 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው።

ጀልባዋ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ስትበር! በሥራ መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ወደ ስታዲየም የሚመጣ ሚኒባስ በሏት።

እኔ ዕቅዱን ልሥራ አልኩ። ሥራዬ አይደል? ዕቃ ከወደብ አንስቶ ደንበኛው መጋዘን ማድረስ። መጀመሪያ እንደለመድኩት ርቀትን ለፍጥነት አካፈልኩ። 113 ሰዓት ወጣ። በቀን አሥር ሰዓት ከተጓዝን አሥራ ሁለት ቀን አይፈጅም ብዬ ላክሁለት። ጋሼ ሳቀና "የጅቡቲ ሹፌሮችህን ጠይቃቸው" አለኝ።

ገባኝ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስንት ኪሎ ሜትር ቀረኝ አይልም። ጋላፊን መቼ አልፋለሁ፣ ሚሌ አድራለሁ ወይስ አዋሽ እገባለሁ ነው የሚለው። ጀልባም እንደዚያው ነው። የሚታቀደው ጉዞው ሳይሆን ማደሪያው ነው። በኅዳር እዚያ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትገባለች። በጨለማ በጠባብ ቦይ አይኬድም፤ ተንሳፋፊ ግንድ አለ፣ መብራት የሌለው ምልክት አለ። ስለዚህ ከጨለማው በፊት መልሕቅ የሚይዝበት፣ ነፋስ የማያገኘው፣ ውሃው የማይጎድልበት ቦታ መድረስ ግድ ነው። አንዱ ማደሪያ ከሌላው 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ሌላው 70። ቀኑን የሚወስነው ይሄ ነው። ኤክሴሌን ደምስሼ እንደገና ጀመርኩ። አሁን 31 መስመር አለው፣ 31 ማደሪያ። የቀሩት ዘጠኝ ቀናት ለነፋስና ለዝናብ ናቸው።

ካርታ ፍለጋ ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ። ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት የባሕር ካርታውን በነፃ ያወርድልሃል። የድሮውን የወረቀት ካርታ በ2017 ዓ.ም አቁሞታል፤ የፈለግከውን ቦታ ቆርጠህ ራስህ ታትመዋለህ። እኔ ደግሞ የወረቀት ሰው ነኝ። ፍላሹን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁና "ካርታ በትልቁ አትምልኝ" አልኩት ልጁን።

"ስንት ካሬ ነው?" አለኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ካርታ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱ ወጥቶ ሲያየው ሁሉም ሰማያዊ ሆነበት። "ጋሼ፣ ይሄ ቦታ ውሃ ይተኛበታል" ብሎ መከረኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ካርታው ላይ ሁለት ነገር አጠናሁ። አንዱ ምልክቱ ነው። ወደ ደቡብ ስትወርድ ቀዩ ምልክት በቀኝህ፣ አረንጓዴው በግራህ ይሁን። ቀይ በቀኝ፤ በአማርኛ እንዴት እንደሚመች እዩት። አንዳንድ ቦታ ግን ሌላ የወንዝ መግቢያ መንገዱን ያቋርጠዋል፣ ቀለሙም ይገለባበጣል። ያን ጊዜ ምልክቱ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቢጫ ነው የምታየው። ሦስት ማዕዘን ከሆነች በቀኝህ፣ አራት ማዕዘን ከሆነች በግራህ ታልፋታለህ። ፍሪጃችን ላይ ለጥፌዋለሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት ስታወጣ "ቢጫ ሦስት ማዕዘን!" እያለች ትፈትነኛለች።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። የጀልባዋ ሆድ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ይገባል። ጆርጂያ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ልዩነቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ጠዋት የተንሳፈፍክበት ቦታ ከሰዓት ጭቃ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከሳቫና በታች ሄል ጌት የሚሉት፣ የሲኦል በር ማለት ነው፣ በአሸዋ የሚሞላ አጭር መተላለፊያ አለ። የሚታለፈው ውሃው እየሞላ ሳለ ነው። እየሞላ ሳለ ብትቀረቀር ውሃው ራሱ ያነሳሃል። እየጎደለ ሳለ ከሆነ ግን ጀልባህ ጎኗ ላይ ተኝታ፣ አንተም ጎንህ ላይ ተኝተህ፣ ሰዓታት ትጠብቃለህ። ያን ቀን ብቻ ሦስት ጊዜ አስልቼዋለሁ።

ከጋሼ ጋር የተጣላነው በመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው። ከኖርፎክ ወደ ደቡብ ሁለት ቦይ አለ። አንዱ ሰፊ ነው፣ ትልልቅ ጀልባዎች ይሄዱበታል። ሌላው ዲስማል ስዋምፕ ይባላል። በ1805 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው። የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ናቸው፣ በእጃቸው። የሚገርመው፣ ከባርነት ያመለጡትም እዚያው ረግረግ ውስጥ ገብተው ተደብቀው ኖረዋል። ውሃው ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ነገር የተነሳ ሻይ ይመስላል፣ ወተት ያልነካው ሻይ። ጋሼ ጥልቀቱ ያንሳል፣ ግንድ ፕሮፔለሩን ይመታብኛል አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን በዚህ ዕቅድ ውስጥ አንድም ነገር ለራሴ አልጠየቅኩም፤ ይቺን ጠየቅኩ። ሳምንት ከርሞ እሺ አለ።

ቦዩ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሎክ አለው። በሁለት በር መሃል ያለ የውሃ ሳጥን በሉት። ትገባለህ፣ ከኋላህ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላብሃል፣ ሁለት ሜትር ከምናምን ከፍ ትላለህ፣ ፊት ለፊት ይከፈታል። በቀን አራት ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው። እኔ ሰዓቱን ኤክሴሉ ላይ ሞላሁ፦ የመጀመሪያው 2፡30። ጋሼ በማግስቱ ደወለ። "በሌሊት ሁለት ሰዓት ተኩል ማን ተነሥቶ በር ይከፍትልሃል?" ሰላሳ ዓመት በፈረንጅ ሰዓት የኖረ ሰው መሆኑን ረስቼ። 31ዱንም መስመር በአበሻ ሰዓት ነበር የሞላሁት። ሙሉ እሑዴ እሱን በማስተካከል አለቀ።

ቀኑ ግን በእኛ አቆጣጠር ያምራል። የጀልባዋ ኢንሹራንስ ከጥቅምት 22 በፊት ወደ ደቡብ ከወረድን አይሸፍነንም፤ አውሎ ነፋስ ፈርቶ ነው። የአውሎ ነፋሱ ወቅት የሚያበቃው ደግሞ ኅዳር 21 ነው። ጽዮን! ለእማዬ ስነግራት ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞው መጨነቅ ተወች። ይልቅ ስለ ጾሙ ጠየቀችኝ። ኅዳር 15 ይገባል፣ እኛ ያኔ ደቡብ ካሮላይና ነን፣ ሽሪምፕ አገር። ዝም አልኩ።

ልምምድ ያደረግኩት ቢሾፍቱ ነው። ስሙን የማልጠራው መዝናኛ ጀልባ አከራየኝ። ሐይቁ መሃል ሞተሩ ጠፋ። መቅዘፊያ የለም። ሴፍቲ ጃኬቱ የልጅ ልክ ነው። ጫማዬን አውልቄ በጫማዬ ቀዘፍኩ። የዚያን ቀን ማታ ኤክሴሉ ላይ "መቅዘፊያ፣ 2" የሚል መስመር ጨመርኩ።

የጀልባ ኑሮውን ግን ማንም አያስተምረኝ። ታንከሩ 150 ሊትር ነው፤ ለሁለት ሰው ለአንድ ሳምንት። ጋሼ "ውሃ መቆጠብ ይከብድሃል" ይለኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ቧንቧ የሚመጣለትን፣ በአንድ ጆግ ፀጉሩን የሚታጠብ ሰው! ሽንት ቤቱ ነው ያስቸገረኝ። በጠረፉ ሦስት ማይል ክልል ውስጥ ያልተጣራ ወደ ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው፣ ታንክ ውስጥ ተጠራቅሞ ጣቢያ ላይ በፓምፕ ይሳባል። ያንንም በመስመር አስገብቻለሁ፣ በየአምስት ቀኑ። ማሪና ገብተን ካደርን ደግሞ የሚያስከፍሉት በጀልባዋ ርዝመት ነው፣ በጫማ ቆጥረው፣ በአንድ ሌሊት። ዲመሬጅ ነው በቃ፣ ዕቃ ወደብ ላይ ሲቆይ የሚከፈለው ቅጣት። እኔ ለደንበኛ ዲመሬጅ ላለማስከፈል ሕይወቴን የጨረስኩ ሰው፣ ከ31ዱ 25ቱን በነፃ መልሕቅ ጥለን የምናድርበት አድርጌዋለሁ።

የመጨረሻው መስመር ሴንት ኦገስቲን ነው። እዚያ አንበሶች ድልድይ የሚባል ተከፋች ድልድይ አለ፣ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች የሚጠብቁት። ድልድይ ለማስከፈት በራዲዮ ትጠራለህ፦ ቨርጂንያና ሰሜን ካሮላይና በቻናል 13፣ ከዚያ በታች በ9። ማታ ማታ ሳሎን ቆሜ በእንግሊዝኛ ድልድይ እጣራለሁ። ልጄ ከመኝታ ቤቷ "ተከፍቷል፣ እለፍ!" ትላለች።

አሁን ሻንጣ ላይ ነን። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዳቦ ቆሎ ተመዝኗል። ቋንጣ አይገባም፣ ሥጋ ነው፣ የኔ ሙያ ስለሆነ አልከራከርም። ያልተስማማነው በጀበናው ነው። ጋሼ ጀበናው ይምጣ፣ ከሰልና ዕጣን ግን በፋይበር ጀልባ ላይ አይነካም፣ በጋዝ ይፈላል ይላል። ባለቤቴ ያለ ዕጣን ከሆነ ጀበናዬን አልሰጥም ብላለች።