ኬሞ ላይ ሆኜ ልጹም ወይስ ልብላ?

ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ልጀምር ስል ያነበብኩት ሁሉ ጾምን የሚያወድስ ነበር። ካንሰር ስኳር ይወዳል፣ አስርበው። ለጥቂት ቀናት ውሃ ብቻ ጠጣ፣ መድኃኒቱ አያንገላታህም።

ነገሩ ባዶ ወሬም አይደለም። ምግብ ሲጠፋ ጤነኛ ሴል መባዛቱን ገታ አድርጎ ራሱን ወደመጠበቅ ይዞራል። ኬሞ ይበልጥ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ነው። የካንሰር ሴል ደግሞ ረሃብ መጣ ብሎ አደብ አይገዛም፣ ስለዚህ ለምቱ ይጋለጣል ነው ሐሳቡ። በ2008 የእርጅናና የጾም ተመራማሪው የቫልተር ሎንጎ ቡድን ይህንኑ በአይጦች ላይ አሳይቷል። ከኬሞ በፊት ምግብ የተከለከሉት አይጦች ከፍተኛውን መጠን ከጠገቡት በተሻለ ችለውታል።

አይጥ ግን አይጥ ነው። ያነበብኩትን ይዤ ለካንሰር ሐኪሜ አቀረብኩ። አልተቆጣም፣ አላሾፈብኝም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ኪሎ ቀነሱ?»

መልሱን ሱሪዬ ያውቀዋል። በቀበቶ ጉልበት ነበር የቆመው።

ከዚያ በ2020 ስለወጣው የኔዘርላንድስ ጥናት ነገረኝ። 131 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ ከኬሞው በፊት ለሦስት ቀናትና በዕለቱ ካሎሪው በጣም ዝቅ ያለ ምግብ እንዲበሉ ተደረገ። ዕጢው ለሕክምናው በሰጠው ምላሽ ላይ ተስፋ ሰጪ ምልክት ታይቷል። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ግን በሁለቱም ወገን ያው ሆነ። በየዙሩ ምግቡን እያቋረጡ የወጡትም ብዙ ናቸው። «ተስፋ አለው፣ መመሪያ ለመሆን ግን ገና ነው» አለኝ። በተለይ ክብደት እየቀነሰ ላለ ሰው፣ ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ታማሚም፣ በራስ ፈቃድ መጾም አደጋ እንደሆነ ሳያለዝብ ነገረኝ።

ምክንያቱ ጡንቻ ነው። በሽታውም ሕክምናውም ጡንቻ ይበላሉ። ጡንቻው ያለቀበት ሰው ደግሞ ኬሞውን መቋቋም ይከብደዋል። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር ለካንሰር ታካሚ በቀን በኪሎ ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ፣ ከተቻለ እስከ 1.5 ግራም ይመክራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ1500 እስከ 1800 ካሎሪ ማለት ነው። አፉ ለቆሰለ ሰው ቀላል ቁጥር አይደለም።

ስለዚህ ረጅሙን ጾም ተውኩትና በስምምነት ሌላ መንገድ ያዝን። በዋዜማው ማታ ቀለል ያለ እራት፣ ጠዋት ትንሽ ነገር፣ መድኃኒቱ በሚንጠባጠብበት ሰዓት ካልፈለግኩ አለመብላት። ውሃ ግን ግዴታ ነው። በየሳምንቱ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ ከወረደ ይህም ይቀራል።

በኬሞው ቀን የምወደውን ምግብ አልነካም። ይህን ምክር የሰጠችኝ ሲስተር ናት፣ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። በ1978 በወጣ ጥናት፣ ኬሞ ከመውሰዳቸው በፊት አይስክሬም የበሉ ልጆች ኋላ ላይ ያንኑ አይስክሬም ጠልተውት ተገኝተዋል። ሆድ ማቅለሽለሹን ከበላው ምግብ ጋር ያያይዘዋል። እኔም እንቁላል ስለምወድ ለዚያ ቀን ከቤት አስወጣሁት።

ከማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን የውሸት የሚመስል የምግብ ፍላጎት ያመጣል። እንቅልፍ ይነሳል፣ ስኳርም ከፍ ያደርጋል። እኔ ግን ፍላጎቱን ተጠቀምኩበት፤ መብላት በቻልኩበት ሰዓት በላሁ። ዴክሳሜታሶኑ ሲቆም ውድቀት አለ። አፍ ብረት ብረት ይላል፣ የትኩስ ምግብ ሽታ ያባርራል። የብረት ማንኪያውን በፕላስቲክ ቀየርኩ፣ ምግቡንም ቀዝቀዝ አድርጌ መብላት ጀመርኩ። ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የኬሞ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ይህን አይሞክር፣ ቀዝቃዛ ነገር ጉሮሮና ጣት ላይ ስቃይ ያመጣበታል። እርጎ፣ የተፈጨ ሙዝ በወተት፣ የለውዝ ቅቤ፤ ትንሽ ትንሹን ቶሎ ቶሎ። አፌ ሲቆስል ጨውና ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ በጥብጬ ተጉመጠመጥኩ። ማቅለሽለሽ የሚከላከለው ኦንዳንሴትሮን ሆድ ያደርቃል፤ ምግብም ውሃም የቀነሰ ሰው ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል አልዘረዝርም፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

ብዙውን ጊዜ ከኬሞው በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ጀርም የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ያን ጊዜ ጭንቀቱ ስለ ካሎሪ ሳይሆን ስለ ጀርም ነው። ጥሬ ሥጋና ያልበሰለ እንቁላል አይሞከርም፣ ውጭ የዋለ ምግብም እንደዚያው። ትኩሳት 38 ከደረሰ ነገ ይሻለኛል ብሎ ነገር የለም፣ ወዲያው መደወል ነው። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዙር ያለው ጊዜ የእኔ ነበር። ጣዕም ይመለሳል፣ የጠፋው ኪሎ የሚካሰው ያኔ ነው። እንቁላሉም ያኔ ይመለሳል።

አጉል ምክር ማብቂያ የለውም። በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ ቫይታሚን፣ ስሙ የማይታወቅ ዱቄት፣ «ለደም ነው» የተባለ ሁሉ መጥቶልኛል። ሐኪሜ ሳያየው አንዱንም አልቀመስኩም።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ግን የቤተሰብ ፍቅር ነው። «ብላ እንጂ» ሲባል ያለችውም ፍላጎት ትጠፋለች። እህቴን አስቀምጬ ለመንኳት፤ ሳህኑ ትንሽ ይሁን፣ አስቀምጪልኝና ሂጂ። እሺ አለች። በር ላይ ቆማ ስትሰልል እንደነበር አውቃለሁ፣ ግን ሳህኑ ባዶውን ይመለስ ነበር።