የቱኒዚያ ነገር አልወጣልኝ አለ

ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ የወር መጨረሻ ስለሆነ ይሁን ደመናው እንጃ። ዘይት ልገዛ ብወርድ እታለም "ምርጫው ይቅርብንና ዘይቱን ባረከሱልን" አለችኝ፣ እሷ እንደዋዛ ነው ያለችው፣ እኔ ግን ይኸው እስካሁን ስለ ቱኒዚያ እያሰብኩ ነው።

እዛ እኮ ነገሩን የለኮሰው ኑሮ ነው። በፈረንጆቹ ታህሳስ 2010 ሲዲ ቡዚድ ውስጥ በጋሪ ፍራፍሬ የሚሸጠው መሐመድ ቡአዚዚ እቃውን ቢቀሙት ራሱ ላይ እሳት ለኮሰ፣ ወር ሳይሞላ የያኔው ፕሬዝዳንት ቤን አሊ አገር ጥሎ ጠፋ። 2014 ላይ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፣ በ2015 አራት የሲቪክ ተቋማት አገሪቱን በውይይት አተረፉ ተብለው ኖቤል ተሸለሙ። ሥራው ግን አልመጣም። መንግሥት ይቀያየራል፣ ዲግሪ የያዘው ካፌ ተቀምጦ ይውላል፣ ሌላው በጀልባ ወደ ጣሊያን። ሐምሌ 2021 ፕሬዝዳንቱ ካይስ ሳኢድ ፓርላማውን ሲያግድ ብዙ ሰው በሌሊት አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ፣ ክላክስ እያስጮኸ ምናምን።

እኔ እነሱን መውቀስ አልችልም፣ በቃ አልችልም። ነጻነት ጠልተው አይደለም እኮ። አስር ዓመት ሙሉ መርጠህ መርጠህ ልጅህ ዛሬም ሥራ ፈት ከሆነ ድምፅ መስጠት ምን ይጠቅማል ብትል ይፈረድብሃል? ስለ ተቋም ግንባታ ማውራት የሚቀለው ምሳው ለተረጋገጠለት ሰው ነው።

የሚያንገበግበኝ ከዛ በኋላ የሆነው ነው። በ2023 ዳቦ ቤቶች በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር፣ መንግሥት ስንዴ የሚያስገባበት ገንዘብ አጥሮት። ያኔ ደሞ የድሮው ፓርላማ የለም፣ ብዙ ተቃዋሚዎች ታስረዋል፣ በ2022 መጨረሻ ለአዲሱ ፓርላማ ምርጫ ሲጠራ የመረጠው 11 በመቶ ገደማ ነው። ዳቦውም አልተገኘ፣ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጮኹበት ቦታም ተዘጋ።

እኛስ ብንሆን፣ አባዬ የሚያወራው የ66ቱ የታክሲ ነጂዎች አድማ በቤንዚን ዋጋ አልነበር? ኑሮ አንገሽግሾት የወጣ ሕዝብ መጨረሻው ደርግ እጅ ወደቀ።

"መጀመሪያ ኑሮው ይስተካከል፣ ዲሞክራሲው ይደርሳል" የሚሉትን ይገባኛል፣ ግን ኑሮው ሳይስተካከል ቢቀርስ ማንን ነው የምንጠይቀው? ልጁ ራት ሳይበላ የተኛበትን ሰውስ ድምፅህን አደራ ጠብቅ የምለው በየትኛው አፌ ነው?