ካቴናው ወልቆ ነው

በእኛ የብስክሌት ቡድን ውስጥ ከሃምሳ በታች የሆነ ሰው የለም። ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነስተን እንጦጦን እንወጣለን፤ ጉልበት ከተረፈን ወደ ሱሉልታ እንሻገራለን፤ በበጋ ደግሞ ብስክሌቶቹን ፒክአፕ ላይ ጭነን መናገሻ ሱባ ጫካ ድረስ እንሄዳለን። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ወጣቶቹ ወደዚያ ገቡ። እኛ ልማድ ሆኖብን አሁንም በባሕር ዛፉ መሐል የምትሽሎከለከለውን የእግር መንገድ እንመርጣለን። (እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ሲመጡ መንገድ መልቀቅ የኛ ፋንታ ነው። አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡናል። ስለ ድካም ማውራት ሲያምረን እነሱን ማየት ይበቃል።)

ቡድኑን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ከመሐላችን አንዱን ከቀበርን በኋላ አብረን መንዳት እንድንቀጥል ምን እንዳደረግን፣ የቱ እንደሠራና የቱ እንደከሸፈ ልጻፍ፤ እንደኛ ዓይነት ስብስብ ላላቸው ይጠቅም ይሆናል።

ሟቹ ጓደኛችን ከሁላችንም ብርቱው ነበር። ቁልቁለት ላይ የሚደርስበት አልነበረም። በመጨረሻው ዓመት ግን ከእንጦጦ ማርያም በታች ያለችው ኩርባ ላይ ሲደርስ ይወርድና ብስክሌቱን ይገለብጣል። ጎንበስ ብሎ ካቴናውን ይነካካል፣ ፔዳሉን በእጁ ያሽከረክራል፣ ግራሶ የነካ ጣቱን በሣር ይጠርጋል፣ ደግሞ እንደገና ይነካካል። ምን ሆንክ ስንለው "ካቴናው ወልቆ ነው" ይላል። አዲስ ግዛ እያልን እንቀልድበት ነበር። ገዛ። አዲሱም እዚያችው ኩርባ ላይ መውለቅ ጀመረ።

አንድ ሌሊት በተኛበት አረፈ። ልብ ነው አሉ። የሰልስቱ ዕለት ድንኳን ውስጥ ተደርድረን ሳለ ባለቤቱ አጠገባችን መጥታ ቁጭ አለች። ዳገት ስወጣ ደረቴን ይጫነኛል፣ ጨጓራዬ ነው፣ ይላት እንደነበር ነገረችንና "ለእናንተስ ምን ይላችሁ ነበር?" አለች። ካቴናው ወልቆ ነው ይለን ነበር ብሎ መመለስ ለማናችንም አልተቻለንም።

በኋላ ከመሐላችን ሐኪም የሆነው አስረዳን። ዳገት ሲወጡ መጥቶ ቆም ሲሉ የሚለቅ የደረት መጫን፣ ጨጓራ ነው ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የልብ ደም ሥሮች ሲጠቡ ልብ በዕረፍት ጊዜ የሚበቃውን ደም ያገኛል፤ ሥራ ሲበዛበት ግን ያጥረዋል። አንዳንዱን መንጋጋውን ወይም ግራ ክንዱን ያመዋል። ስኳር ያለበት ሰው ጭራሽ ሕመም ላይሰማው፣ ትንፋሽ ብቻ ሊያጥረው ይችላል። የኛ ዳገት ደግሞ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ከመቶ ሰባው ያህል ቢሆን ነው። ከፍተኛው የልብ ምት በግርድፉ ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሰው የሚያገኙት ነው፤ ለ55 ዓመት ሰው 165። ከዚያ በላይ እየነዱ "ጎረምሳ ነኝ" ማለት ቀልድ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ተመርምሮ ውጤቱን እንዲነግረኝ መጠየቅ ነበር። ሁሉም እሺ አሉ፤ አንድም የሄደ የለም። ለካስ ብቻውን ሐኪም ቤት ለመሄድ የደፈረ ሰው በመሐላችን አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ግልቢያውን ሰርዤ፣ በባዶ ሆድ ተሰብስበን አንድ ላይ ለምርመራ ሄድን። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ። ከዚያ ፉል ቤት ገባን። ውጤቱ ሲመጣም እዚያው ተቀምጠን እንደ ሰርተፍኬት ቀን ተማሪ ወረቀት ተቀያይረን አነበብን። የባንክ ቤቱ ሰውዬ ግፊቱ ከሁላችንም በልጦ ሲገኝ "አንደኛ ወጣሁ" ብሎ አሳቀን፤ ሰኞ ግን መድኃኒት ጀመረ። አሁን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን። በወር የምናዋጣትን ገንዘብ እድር እንላታለን፤ እጅ ያጠረው አባል የሚመረመረው ከእሷ ነው። ድንኳን የላትም፣ ንፍሮም አትቀቅልም።

ሁለተኛው፣ ዳገት ላይ ከፊት የሚነዳው ደካማው ነው። እሱን ማለፍ ክልክል ነው። ይህ ብዙ አጨቃጨቀን፤ እስከ ዛሬም የሚያጉረመርም አለ። እኔ ግን ከሁሉም ደንቦች የሚበልጠው ይሄ ነው እላለሁ። ከኋላ የቀረ ሰው ለመድረስ ሲል ይዋሻል፤ ከፊት ያለ ሰው ደግሞ ሲደክመው ዝም ብሎ ይቆማል። ሰበብ አያስፈልገውም።

ግን ውሸት በአንድ ደንብ አይጠፋም። በዐቢይ ጾም ስኳር ያለበት ጓደኛችን፣ መምህሩ፣ ጫፉ ላይ ስንደርስ ላብ አጠመቀው። ብርድ ነው፤ እሱ ግን ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ፤ ወረቀቱን መፍታት አቃተው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይኑ ከረሜላው ላይ ነው፣ ስንጠራው አይሰማም። ነጥቄ አፉ ውስጥ ከተትኩለት፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ማር በውሃ። ነፍሱ ስትመለስ ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ምንም ሳይቀምስ እንደመጣ ነገረን። የነፍስ አባቱ ቀድሞውኑ "አንተ ታማሚ ነህ፣ ብላ" ብለውታል። ፈቃድ አለው። እኛ ፊት ብቻውን መብላት አፍሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በጾምም ሆነ በፍስክ መውጫው ላይ ቆመን ሁላችንም ቴምር እንቀምሳለን፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙት ራሳቸው ባይቀምሱም ቴምሩን እሱ አፍ ሲገባ ሳያዩ አይነሱም።

ሌላው አጭር ነው። በእያንዳንዳችን ኪስ የደም ዓይነት፣ የምንወስደው መድኃኒትና የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ሁሉም በቃሉ ያውቃል። ከሚስቶቻችን አንዷ ነርስ ናት፤ ልቡ የቆመን ሰው ደረት እንዴት እንደሚጫኑ ሳሎኗ ውስጥ በትራስ አስተማረችን፤ ክንድ ሳይታጠፍ፣ ከአምስት ሴንቲሜትር ሳያንስ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ። ሁለት ደቂቃ ትራስ መጫን ከሽሮ ሜዳ ዳገት እንደሚብስ ያኔ ገባኝ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ኮርቻ ዝቅ አድርገን በዝግታ እንወርዳለን። በዚህ ዕድሜ የትከሻ አጥንት ሲሰበር ክረምቱን ሙሉ ቤት ያስቀምጣል።

ያልፈታነው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ነገር ነው። ጉልበቱ ያለቀው ኢንጂነር ባለ ባትሪ ገዝቶ ሲመጣ "ይሄ ሞተር ነው፣ ከኛ ጋር አይነዳም" ያሉ ነበሩ። እኔ ይግባ አልኩ፤ አለዚያ ቤቱ መቅረቱ ነው፣ ቤት የቀረ ጓደኛ ደግሞ የምናገኘው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ገባ። ችግሩ ግን፣ ደካማው ከፊት ይንዳ የሚለውን ደንብ ይዞ "በሐኪም ወረቀት ደካማው እኔ ነኝ" እያለ ከፊት ይሆንና ባትሪውን ይለቀዋል። ባለፈው ስብሰባ ደንቡ ይሻሻል ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፤ እኩል ለእኩል ወጣ። ለሚቀጥለው ተቀጥሯል።