ሰው የማይገባበት ሽንት ቤት

ካዛንቺስ፣ የድሮው ሰፈር ገና ሳይነሳ ነው። የምሠራበት ድርጅት ለቀበሌ ቤት ነዋሪዎች የጋራ ሽንት ቤት አሠራ። ሴራሚክ የለበሰ፣ ውሃ የገባለት፣ ሸጋ ቤት። ሰው ግን ዝር አይልበትም። ሁሉም ቆርቆሮ በር ያለውን አሮጌውን የሙጥኝ ብሏል።

መጠይቅ ተበተነ። "እንጠቀማለን፣ እግዜር ይስጥልን" የሚል መልስ ጎረፈ። ኢንጂነራችን "የግንዛቤ ችግር ነው፣ ሥልጠና ይሰጥ" አለ። (በኛ አገር ግንዛቤ ያልተከሰሰበት ችግር የለም።) እኔ "ባህል ምናምን ታውቂ የለ?" ተብዬ ተላክሁ። ሙያዬ አንትሮፖሎጂ ነው፤ የሰውን ባህልና አኗኗር ማጥናት። ስሙ ሲጠራ ሙዚየም የሚታየው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ምዕራብ አፍሪካን ኢቦላ ሲያምሳት፣ ቤተሰብ ለምን አስከሬን እንደሚደብቅ ጠይቀው ቀብሩ ክብሩን ሳያጣ ከበሽታ እንዲጠበቅ ያገዙት አንትሮፖሎጂስቶች እንደነበሩ ማን ያስታውሳል?

ወረቀቱን ቢሮ ትቼ ሄድኩ። መሃል አዲስ አበባ ላይ ፎርም የያዘ ሰው ቤት ቆጣሪ ነው። ከቆጠራ በኋላ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚነገረው የማያስቀይመው መልስ ነው።

አንዲት እናት ቡና ጠሩኝ። አቦሉ በኑሮ ውድነት አለቀ። ነገሩ የወጣው ቶናው ላይ ነው።

"ልጄ፣ የኛው ቁልፍ አለው። የግቢው ሰው በተራ እናጥባለን፤ ተራዋን የዘለለች ትታወቃለች። ያኛው የማን ነው? ከአስፋልት የመጣው ሁሉ ይገባበታል። በማታ ሴት ልጅ እዛ ልስደድ?"

ደንቡ የቆየ ነው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የነበረው ወደ ቀበሌ ገባ። አንዱን ግቢ የተካፈሉ ጎረቤቶች ሽንት ቤቱንም ተካፈሉ፤ ቁልፉና የጽዳቱ ተራ በዚያው ተለመደ። እኛ ቤቱን ስንሠራ ባለቤቱን ረስተናል።

ኢንጂነሩ መጀመሪያ አልተዋጠለትም። "ለጓንጉል ቁልፍ ብለን ፕሮጀክት እንቀይር?" አለ። ደግነቱ ጓንጉል ርካሽ ነው። ክፍሎቹ ለየግቢው ተደለደሉ፣ ቁልፉ ለየቤቱ ተቀረጸ። ድልድሉ ላይ የተነሳውን ጭቅጭቅ የእድሩ ሽማግሌዎች ዳኙት። ከዚያ በኋላ ሰው ገባበት። "ለሁሉም ክፍት ይሁን" ተብሎ የቀረው አንዱ ክፍል ብቻ ወዲያው ተበላሸ።

ሥልጠናውም አልቀረም፤ በጀቱ ተይዞ ነበር። አበል ስላለው አዳራሹ ሞላ። ርዕሱ "የጋራ ሽንት ቤት አጠቃቀም" ነበር።