አንባቢዬ የት ጋ ጥሎኝ እንደሚሄድ ገባኝ

«ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ፣ ቆንጆ ነው» ይሉኛል ጓደኞቼ። «የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለምን እንደቀነሰ የጻፍኩትስ እንዴት ነው?» ስላቸው ዝም። እሱ ያለው መሃል ላይ ነዋ! እነሱ ደግሞ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ትተውታል።

ሰሞኑን ግን አንድ የማላውቀው ሰው ደውሎ ተከራከረኝ። ስለ ጢስ ዓባይ የጻፍኩት አላስደሰተውም። «ጥፋቱን ሁሉ መብራት ላይ ጫንከው፤ አንተስ ስልክህን በምን ቻርጅ ታደርጋለህ?» አለኝ። የተናደደው መሃል ላይ ባለው ነገር ነው። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ተናዶም ቢሆን እስከ መሃሉ አንብቧል ማለት ነው። ይህን ልምድ ላካፍላችሁ የተነሳሁትም በዚሁ ሞራል ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ጀልባ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ እንግዳ አጅቤ እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ክብራን፣ እንጦስ፤ ቀን ያለው እንግዳ ከተገኘ እስከ ናርጋ ሥላሴ። ጎን ለጎን ስለ ጣና አጫጭር ጽሑፎች እጽፋለሁ። ሰው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ በስልኩ የሚያነባቸው ዓይነት።

ስለ ጅማሬው ብዙ አልልም። የአማርኛ ኪቦርዱን ጣት ይለምደዋል። ፎቶ የራሳችሁ ይሁን፤ የሌላ ሰው ፎቶ ለጥፎ ስለ ጣና መጻፍ ያሳፍራል። አንቀጽ አሳጥሩ። ኮምፒውተር ላይ አራት መስመር የነበረው ስልክ ላይ ስክሪኑን ይሞላዋል። ርዕስ ላይ «አስደናቂ» እና «ጉድ» የሚሉትን እርሷቸው፤ አንባቢው አንዴ ከተሸወደ ሁለተኛ አይመጣም።

የምጽፈው ነገር አጣሁ የምትሉ ደግሞ ሰው የሚጠይቃችሁን ጻፉ። እኔ ርዕስ ፈልጌ አላውቅም፤ ጀልባ ላይ ይሰጡኛል። «ይሄ ሐይቅ ጥልቀቱ ስንት ነው?» «ጉማሬ እውነት አለ?» «ፏፏቴው የት ሄደ?» አንድ ሰው አፍ አውጥቶ ከጠየቀ፣ ሌላው በሆዱ እየጠየቀው ነው። ስለ ጣና «ታሪካዊና ተፈጥሯዊ ገጽታ» ግን የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

አሁን ወደ ዋናው ራስ ምታቴ ልምጣ።

ሰው በስክሪን ላይ እንዴት እንደሚያነብ ብዙ ተጠንቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. ያኮብ ኒልሰን የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ውጤት እስካሁን ይጠቀሳል። ከተፈተኑት ሰዎች 79 በመቶ የሚሆኑት አዲስ ገጽ ሲከፍቱ በዓይናቸው ጠረግ አድርገው ነው የሚያልፉት። ቃል በቃል የሚያነቡት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሱ ያለበት ቡድን የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ሌላ ጥናት ሠራ። ዓይን ከላይ አንድ ሁለት መስመር እስከ ዳር ያነብባል። ከዚያ የመስመሮቹን መጀመሪያ ብቻ እየነካካ ቁልቁል ይወርዳል። የሄደበት መንገድ ሲሳል የላቲኑን ኤፍ ይመስላል።

ከዚህ የወጣውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። «ዋናውን ነገር አስቀድም» ይባላል። እሺ፣ አስቀደምኩ። ዋናውን ዓረፍተ ነገር ከላይ አመጣሁት። አንባቢ ግን ያው ጥሎኝ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ አንዲት እንግዳ ጽሑፌን አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታነብ ነው። እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረበት፦ «የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በግድቡና በኃይል ማመንጫው ምክንያት እስከወዲያኛው ጠፍቷል ተብሎ በየቦታው የሚወራው ወሬ እውነት አይደለም።» ቀና አለችና «ውይ፣ ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። «እውነት አይደለም» የሚለው ጋ አልደረሰችም።

እሷ ምን አጠፋች? የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አዎም አይደለምም የሚታወቀው እዚያ ነው። እንግሊዝኛ ማን ምን እንዳደረገ ገና ከመነሻው ይነግርሃል፤ ስለዚህ መስመሩን መሃል ላይ ጥሎ የወረደ አንባቢ ቢያንስ ፍሬ ነገሩን ይዟል። የእኛን መሃል ላይ የጣለ ግን ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አያውቅም። ባስ ሲል፣ እንደ እንግዳዬ፣ ተቃራኒውን ይዞ ይሄዳል። ዋናውን ዓረፍተ ነገር ከላይ ማስቀመጥ ብቻውን ያልጠቀመኝ ለዚህ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ቶሎ ካላለቀ ዋናው ነገር አሁንም ታች ነው ያለው።

እና ያን ዓረፍተ ነገር ሰበርኩት። «ፏፏቴው አልጠፋም። በበጋ ይቀንሳል። ክረምት ላይ ይመለሳል።» አሁን ማንም የትም ቢያቆም የሚሳሳተው ነገር የለም።

ሌላ ላሳያችሁ። ስለ ታንኳ የጻፍኩት መጀመሪያ እንዲህ ነበር፦ «በሐይቁ ዳርቻ ከሚበቅለው ደንገል ተቆርጦ፣ በፀሐይ ደርቆና ተጠፍሮ የሚሠራው፣ ለዘመናት ዓሣና እንጨት ሲያመላልስ የኖረው የጣና ታንኳ፣ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ባለቤቱ በየጊዜው ከሐይቁ አውጥቶ ያደርቀዋል።» ሰዋስው አልተጣሰም። የትምህርት ቤት መምህሬ ቢያዩት ጥሩ ማርክ ይሰጡኝ ነበር። ግን አንባቢው ታንኳ የሚለውን ቃል እስኪያገኝ ድረስ ደንገል፣ ፀሐይ፣ ዓሣ፣ እንጨት ተሸክሞ ይጠብቃል። አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «ታንኳ ውሃ ይጠጣል። የተሠራው ከደንገል ነው። ሲጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል። ደንገሉ የሚበቅለው እዚያው ሐይቁ ዳር ነው።» ዓሣውና እንጨቱ ወደ ሌላ አንቀጽ ሄዱ። ማንም አልናፈቃቸውም።

በዚህ ምክንያት «ሲሆን» የሚለውን ነገር ጠምጄ ይዤዋለሁ። «ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን...» ብለን ስንጀምር ለአንባቢው «ገና ነኝ፣ ጠብቀኝ» እያልነው ነው። «በመሆኑም»፣ «እንዲሁም»፣ «ከዚህም ባሻገር» ያው ናቸው። ነጥብ ለማድረግ ስንፈራ የምንለጥፋቸው ናቸው። አራት ነጥብ አድርጉ። አይከፈልበትም።

እርግጥ ይሄም ገደብ አለው። ሁሉንም ስትቆራርጡት ጽሑፉ የቴሌግራም መልእክት ይመስላል፤ ወይም አኩርፎ የሚያወራ ሰው። ልኩን የማገኘው በመቅረጫ ነው። ስልክ ላይ ያለችው ተራ የድምፅ መቅረጫ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ልጽፍ ያሰብኩትን ለአንድ ሰው በቃል አወራለሁ። ብዙ ጊዜ ጀልባ ነጂው ነው የሚሰማኝ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ወደብ ላይ ስንጠብቅ። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ ማንም «ሲሆን» አይልም። እዚያ የተነፈስኩበትን ሁሉ አራት ነጥብ አደርገዋለሁ። ነጂው ፊቱን ወደ ስልኩ ያዞረበትን ደግሞ እሰርዘዋለሁ።

ንግግርን ራሱ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መተግበሪያም ሞክሬያለሁ። ከውሃውና ከነፋሱ ጋር ሆኖ የሚያወጣውን ጉድ ለሳቅ ካልሆነ አልመክራችሁም። በጆሮ ሰምቶ በእጅ መጻፍ ይሻላል። ሲጻፍም «ማለቴ» እና «እንግዲህ» የሚሉትን አራግፉ፤ እኔ አፍ ላይ በየመስመሩ አሉ።

ሌላው ችግር መግቢያ ነው። ስለ ጣና የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከጂኦግራፊ ይጀምራል። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታ፣ ከአዲስ አበባ ርቀት፣ ስፋት። እኔም እጽፈዋለሁ፤ እጄ ራሱ ይጽፈዋል። ሳልጽፈው ወደ ሁለተኛው አንቀጽ መግባት አልችልም። ስለዚህ ተውኩት፣ ይጻፍ። ከመለጠፌ በፊት አጠፋዋለሁ። የጻፍኩት ሁለተኛ አንቀጽ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ መግቢያ ነው። ይህን ማንም ቢከራከረኝ አልሰማም።

ቁጥሮቹን ግን አትጣሏቸው፤ አጠገባቸው ሌላ ቁጥር አስቀምጡ። «የጣና ስፋት ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው» ብትሉኝ ዓይኔ ያልፈዋል። አዲስ አበባ 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ጣና ውስጥ አምስት አዲስ አበባ ገብታ ቦታ ይተርፋል ብትሉኝ ግን ቆም እላለሁ። ጥልቀቱም እንደዚያው ነው። የሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወርድበት ገደል ከ40 ሜትር ይበልጣል። ይህን ጀልባ ላይ ስናገር ሰው ሁሉ ወደ ውሃው ያያል። «ይሄ ሁሉ ሐይቅ?» ይላሉ። ጽሑፍ ላይ ሳስገባውም ሰዎች ቆርጠው ለጓደኛ የሚልኩት ይህችን መስመር ነው።

ያ ሰውዬ የተከራከረኝ ጽሑፍ የተሠራው እንዲሁ ነው። የድሮው መግቢያ «ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሲሆን» ነበር። የአሁኑ፦ «በሚያዝያ መጥታችሁ ገደል ብቻ ካያችሁ ወሩን ተሳስታችኋል።» ቀጥሎ ምክንያቱ መጣ። ከፏፏቴው በላይ ውሃውን ወደ ማመንጫ የሚወስድ ቦይ አለ። የመጀመሪያው ማመንጫ በ1964 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ የሚወስደው ውሃ ትንሽ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውና ትልቁ ተጨመረ። ፏፏቴው በበጋ የሳሳው ከዚያ ወዲህ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የጣና በለስ ማመንጫ መጣ፤ እሱ ደግሞ ውሃውን ከሐይቁ ራሱ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይወስዳል። ከዚያ መቼ መምጣት እንደሚሻል ጻፍኩ፦ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት። እዚያ ላይ አበቃ። «በአጠቃላይ» የሚል አንቀጽ የለም። ሰውየው የተቆጣው ግን ሁለተኛው ማመንጫ ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ለመብራቱ ጥቅም አንድ መስመር መስጠት ነበረብኝ። አሁን ጨምሬዋለሁ።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበልና ላብቃ። ባህር ወይስ ባሕር፣ አባይ ወይስ ዓባይ፣ አሳ ወይስ ዓሣ የሚለው ክርክር ለእኔ የእምነት ጉዳይ አይደለም። ግን ሰው በስልኩ ሲፈልግ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉን ነው። ለማሽን ሀ እና ሐ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ሁሉም መፈለጊያ አንድ አድርጎ አያያቸውም። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ የወደድኩትን እጽፋለሁ፣ ርዕሱና የፎቶው መግለጫ ላይ ደግሞ የተለመደውን። የሰዋስው ሰዎች ይቆጡኛል፤ ይቆጡ።

«በየሳምንቱ ጻፉ» የሚለውን ምክር እኔ ራሴ አልፈጸምኩትም። በጥምቀት ሰሞን ሥራ ስለሚበዛ አልጽፍም። እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ስለምናደድ አልጽፍም። መሃል ላይ የሚቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው። ለሚችል ሰው ግን ጥሩ ምክር ይመስለኛል።

ቀጥሎ የያዝኩት የዘጌ ቡና ነው። ቡናው ከጫካው ዛፍ ሥር እንዴት እንደሚኖር ጀልባ ላይ ሳወራው ያምራል፤ ወረቀት ላይ ግን ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነጂው ሁሌም ስልኩን ያወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ያለው የለቀማውና የማድረቁ ሂደት ነው። ሂደት የሚባል ነገር ሳያሰለች የጻፈ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ረቂቁንም እልክላችኋለሁ፤ የት ጋ እንዳቆማችሁ ብቻ ምልክት አድርጉልኝ።