ሐረጉ ከሐውልቱ ጀርባ ይውጣ

የግሪክና የሮም ዘይቤ ያለው ሐውልት ግቢው ውስጥ ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸኩለው ሐረግ ሊያለብሰው ነው። እባካችሁ ይህን ተዉት። አይቪን የመሰለ ሐረግ ከግንዱ በሚያወጣቸው ጥቃቅን ሥሮች ድንጋዩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ሲነቀል ሥሮቹ ቡናማ ጠባሳ ሆነው ይቀራሉ። ስንጥቅ ካገኘም ሥሩ እዚያ ገብቶ እየወፈረ ያሰፋዋል። ሐረጉ ከኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ይውጣ፣ ሐውልቱ ከፊቱ ይቁም። የፊቱ ቅርጽና የልብሱ እጥፋት ጎልቶ የሚታየው ከጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ፊት ሲሆን ነው።

ለደጅ የሚሆነው እምነበረድ ወይም ኮንክሪት ነው። ጀሶ ዝናብ አይችልም። ፋይበርግላስ ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንዳይጥለው ሆዱን በደረቅ አሸዋ ሙሉት።

አሁን መሠረቱ፤ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። ከመቆሚያው በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር አስፍታችሁ 25 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። 15ቱን በጠጠር ሞልታችሁ ደህና አድርጋችሁ ጠቅጥቁ። በላዩ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት አፍስሱ፤ ድብልቁ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር። ለ7 ቀን ውሃ እያጠጣችሁ ሳትጭኑበት ቆዩ። በውሃ ልክ ካልለካችሁት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው መቆሚያ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር መዝመም፣ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ከ3 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ያኔ ሐውልቱ የሰከረ ይመስላል። ሐውልቱንና መቆሚያውን የምታያይዙበት ዘንግ የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራ ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ አብጦም እግሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

እነዚህ ሐውልቶች አብዛኛውን ጊዜ ክብደታቸውን በአንድ እግር ላይ ጥለው አንገታቸውን ወደ ጎን ያዞራሉ። ፊቱ ወደዞረበት በኩል ክፍት ቦታ ተዉለት። አፍንጫው ቁጥቋጦ ውስጥ ከገባ ውበቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከሐውልቱ እስከ ግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ ሐረጉን የሚከረክም ሰው ማለፍ አለበት። ግድግዳውን በትራፓኖ በስታችሁ በፊሸር መንጠቆ አስገቡ። ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ሽቦ በአግድም ወጥሩ፤ በየ40 ሳንቲ ሜትሩ አንድ፣ አየር እንዲያልፍም ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ። ከግድግዳ ሥር ያለው አፈር ዝናብ ስለማይደርሰው ደረቅ ነው። ስለዚህ ችግኙን 40 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ወደ ግድግዳው አዘንብላችሁ ትከሉ።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ጃስሚንና የሚወጣ ጽጌረዳ ነው። የጽጌረዳው ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተለቀቀ አበባው ጫፉ ላይ ብቻ ይሰበሰባል። ገና ለጋ ሳለ ወደ ጎን አጎንብሳችሁ በሽቦው ላይ ብታስሩት ግን ከየአንጓው አጫጭር ቀንበጥ ያወጣል፤ እያንዳንዱም ያብባል። ማሰሪያው በሽቦውና በግንዱ መካከል እንደ 8 ቁጥር ይጠማዘዝ፤ ግንዱ ሲወፍር እንዳይታነቅ ላላ ይበል።

ሐውልቱን በዘይት ቀለም አትቀቡ፤ ከመሬት የሚሳበው እርጥበት መውጫ አጥቶ ቀለሙን ይልጠዋል። ለማጽዳት ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ኮምጣጤና ሎሚ እምነበረድ ላይ ሲፈስሱ አረፋ የሚያወጡት ድንጋዩን ራሱን እየበሉት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም እንደ ዐይን ሽፋንና ጣት ያለው ቀጭኑ ቅርጽ ነው።